የኢትዮጵያ ዋና ከተማ ለምን ሲዘዋወር ኖረ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ተማሪዎቼን ይዤ ጅሬን ኮረብታ ላይ ወዳለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በወጣሁ ቁጥር አንድ ጥያቄ ሳይነሣ አይቀርም፦ ንጉሡ የኖሩት እዚህ ከሆነ ጅማ ከተማ ለምን እታች ሜዳው ላይ ተሠራች? ጥያቄው የጅማን ጉዳይ ብቻ የሚመለከት ይመስላል። መልሱን ፍለጋ ሲጀመር ግን ወደ እንጦጦ፣ ወደ ጎንደር፣ ወደ ደብረ ብርሃን፣ ከዚያም አልፎ ወደ አክሱም ይወስዳል። ከዚህ በታች የሰበሰብኋቸው በክፍል ውስጥም በጉብኝት ጊዜም በተደጋጋሚ የሚቀርቡልኝ ጥያቄዎች ናቸው፤ የጅሬኑን መልስ ያቆየሁት ለመጨረሻ ነው። በጽሑፉ ውስጥ «ዓ.ም.» ያልሁት የራሳችንን አቆጣጠር፣ «እ.ኤ.አ.» ያልሁት የአውሮፓውያንን ነው።

ጥያቄ፦ ኢትዮጵያ በጠቅላላው ስንት ዋና ከተሞች ነበሯት?

ቁጥሩ የሚወሰነው በምንቆጥርበት መንገድ ነው። ብዙ ትውልድ የኖረባቸውንና ድንጋይ የቆመባቸውን ብቻ ከያዝን አክሱምን፣ ሮሃን (የዛሬዋን ላሊበላ)፣ ጎንደርንና አዲስ አበባን ጠርተን እንጨርሳለን። ንጉሥ ድንኳኑን ተክሎ ክረምት የከረመበትን ቦታ ሁሉ እንቁጠር ካልን ግን ከተጉለት እስከ ጣና ዳር፣ ከወጅ እስከ አንኮበር ያለው አገር በሙሉ ይገባበታል።

ቋንቋችን ራሱ ልዩነቱን ይነግረናል። «መናገሻ» የሚለው ቃል «ነገሠ» ከሚለው የወጣ ነው፤ ንጉሡ የሚነግሥበትንና ንግሥናው የሚታይበትን ቦታ ያመለክታል። «ከተማ» የምንለው ደግሞ «ከተመ» ከሚለው ግሥ ጋር ይዛመዳል፤ ከተመ ማለት ጓዙን አራግፎ ሰፈረ፣ ተቀመጠ ማለት ነው። በጥንቱ አነጋገር «የንጉሡ ከተማ» ሲባል የሠራዊቱ ሰፈር እንጂ መንገድና ገበያ ያለው የዛሬው ዓይነት ቋሚ ከተማ አይደለም። ተማሪዎች ሲሳሳቱ የማየው የዛሬውን የዋና ከተማ ሐሳብ ተሸክመው ወደ ኋላ ሲሄዱ ነው፤ መሥሪያ ቤቶቹ የት ነበሩ ብለው ይጠይቃሉ። መሥሪያ ቤቱ ከንጉሡ ጋር በበቅሎ ይጓዝ ነበር።

ጥያቄ፦ የመጀመሪያዋ አክሱም ናት ወይስ የሓ?

ከአክሱም በፊት በሰሜኑ አገር የመንግሥት ማዕከል የነበረች ትመስላለች የምትባለው ከአድዋ በስተ ሰሜን ምሥራቅ ያለችው የሓ ናት። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ7ኛው መቶ ዓመት አካባቢ እንደተሠራ የሚገመተው ቤተ መቅደሷ ግንቡ ዛሬም ከ10 ሜትር በላይ ቁመት ይዞ ቆሟል። በዘመኑ በድንጋይ በተቀረጹ ጽሑፎች ላይ ደአማት የሚባል መንግሥት ስም ይገኛል።

አክሱም የተነሣችው ከዚያ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በአንደኛው መቶ ዓመት የተጻፈ አንድ የግሪክ ነጋዴዎች የባሕር መመሪያ ከአዱሊስ ወደብ ተነሥቶ አክሱም ለመድረስ ስምንት ቀን እንደሚፈጅና የዝሆን ጥርስ ሁሉ ወደዚያ እንደሚሰበሰብ ይናገራል። በ4ኛው መቶ ዓመት ንጉሥ ዒዛና ክርስትናን ሲቀበሉ አክሱም የራሷን የወርቅ፣ የብርና የመዳብ ገንዘብ ታሳትም ነበር። ከሐውልቶቿ ትልቁ 33 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ሲሆን ወድቆ ተሰባብሯል። ጣሊያኖች በ1929 ዓ.ም. ወደ ሮም የወሰዱት ባለ 24 ሜትሩ በ1997 ዓ.ም. ተመልሶ በ2000 ዓ.ም. በቦታው ቆሟል።

ጥያቄ፦ አክሱምን ዮዲት አጠፋቻት የሚባለው እውነት ነው?

ዮዲት (ጉዲት) አክሱምን አቃጠለች የሚለው ትውፊት ጠንካራ ነው፤ በ10ኛው መቶ ዓመት አንዲት ንግሥት አገሩን እንደያዘች የዘመኑ የዓረብ ጸሐፊዎችም ይጠቅሳሉ። ይሁንና እርሷ ከመነሣቷ በፊት አክሱም ኃይሏ ደክሞ ነበር። ከ7ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የቀይ ባሕር ንግድ በእስላም መንግሥታት እጅ ገባ፤ አዱሊስ ተዳከመች፤ ገንዘብ ማተሙም ቆመ። በዙሪያዋ ያለው መሬትም ለብዙ መቶ ዓመታት ሲታረስና ዛፉ ሲቆረጥ ኖሯል። ወደብ ያጣ መንግሥት ፊቱን ወደ ደጋው ማዞሩ የማይቀር ነው። በ9ኛውና በ10ኛው መቶ ዓመት የነበሩ የዓረብ ጸሐፊዎች የሐበሻ ንጉሥ ከተማ ኩባር ትባላለች ብለው ጽፈዋል፤ ቦታዋ እስካሁን አልተለየም፤ ነገር ግን የንጉሡ መቀመጫ ያን ጊዜ ከአክሱም እንደ ወጣ ያሳያል።

አክሱም መናገሻነቷን ግን አልተወችም። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብም፣ ዐፄ ሠርፀ ድንግልም፣ በ1864 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛም ሥርዓተ ንግሣቸውን የፈጸሙት እዚያው ሄደው ነው። አንዳቸውም ግን አክሱምን ቋሚ መቀመጫቸው አላደረጉም።

ጥያቄ፦ ላሊበላስ ዋና ከተማ ነበረች ወይስ የጸሎት ቦታ?

ሁለቱንም ነበረች። የዛጔ ነገሥታት መቀመጫቸው በላስታ ሲሆን ቦታው ሮሃና አደፋ በሚባሉ ስሞች ይታወቃል፤ ላሊበላ የሚለውን ስም ያገኘው በ12ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ13ኛው መጀመሪያ ከነገሡት ከንጉሥ ላሊበላ ነው። ከአለት የተፈለፈሉት 11 አብያተ ክርስቲያናትና ዮርዳኖስ የተባለው ወንዝ ቦታው በኢየሩሳሌም አምሳል እንደ ታሰበ ይመሰክራሉ። እዚህ ላይ ልብ የሚባል ነገር አለ፦ ንጉሡ ያደሩበት ቤተ መንግሥት ዛሬ ቆሞ አይታይም፤ የቆመው ቤተ ክርስቲያኑ ነው። ለእግዚአብሔር ቤት ድንጋይ፣ ለንጉሥ ቤት እንጨትና ድንኳን የሚለው ልማድ ከዚህ በኋላ ለብዙ ዘመን ይቀጥላል፤ የጥንት መናገሻዎችን ፈልጎ ማግኘት ያስቸገረውም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ጥያቄ፦ ከዛጔ በኋላ ነገሥታቱ ቋሚ ከተማ ያልነበራቸው ለምንድን ነው?

ይህን ጥያቄ ሰፋ አድርጌ እመልሳለሁ፤ የሌሎቹ ሁሉ ቁልፍ ያለው እዚህ ነውና።

እ.ኤ.አ. በ1270 ዐፄ ይኩኖ አምላክ ከነገሡ በኋላ የመንግሥቱ ማዕከል ወደ ደቡብ፣ ወደ አምሐራና ወደ ሸዋ ተሳበ። በተለይም ከዐፄ ዐምደ ጽዮን (1314–1344 እ.ኤ.አ.) ዘመን አንሥቶ ግዛቱ በጣም ሰፋ፤ እንዲህ ያለውን ሰፊ አገር ደግሞ ያለ ስልክና ያለ ጥርጊያ መንገድ ከአንድ ቦታ ተቀምጦ መግዛት አይቻልም። ንጉሡ ያልታየበት አገር ግብሩን ያዘገያል፤ ቆይቶም ይሸፍታል። ስለዚህ በጋውን ይዘምታሉ፣ ክረምቱን ይከትማሉ፤ ወንዝ ሲሞላና መንገድ ሲጨቀይ ሠራዊቱ በአንድ ደጋ ላይ ይከርማል፣ መስከረም ሲጠባ ደግሞ ጓዙን ይጭናል።

ሁለተኛው ምክንያት ሆድና ምድጃ ነው። ንጉሥ ብቻውን አይጓዝም፤ ወታደሩ፣ መኳንንቱ፣ ካህናቱ፣ ዳኞቹ፣ ጠጅ ጣዮቹ፣ እንጀራ ጋጋሪዎቹ፣ ነጋዴዎቹ፣ ሚስትና ልጆች፣ ከእነርሱም ሌላ አጋሰሱና በቅሎው አብረው ይሄዳሉ። በአሥር ሺሕ የሚቆጠር ሰው በአንድ ቦታ ሲሰፍር ጎተራውን በጥቂት ወራት ያራግፋል፤ ዛፉንም ይጨርሳል። ግብር በአብዛኛው የሚከፈለው በእህል፣ በማርና በከብት ስለ ነበረና ያን ሁሉ ከሩቅ አገር ጭኖ ማምጣት አድካሚ ስለ ሆነ፣ እህሉን ወደ ንጉሡ ከማጓጓዝ ንጉሡን ወደ እህሉ ማጓጓዝ ይቀል ነበር። ለገበሬው ግን ይህ ምን ማለት እንደ ነበረ መገመት አያዳግትም፤ ንጉሥ የከረመበት አገር በቀጣዩ ዓመት ዘር እንኳ ይቸግረዋል።

ሰፈሩ ያለ ሥርዓት የሚፈስ ሕዝብ አልነበረም። ከ1520 እስከ 1526 እ.ኤ.አ. በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን አገራችን የቆየው የፖርቱጋል መልእክተኞች ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የንጉሡ ድንኳን መካከል ላይ እንደሚተከል፣ ቀኝና ግራው ለየባለ ማዕረጉ እንደሚከፈል፣ ገበያውና የድንኳን ቤተ ክርስቲያኑ የታወቀ ቦታ እንዳላቸው ጽፏል። ሰፈሩ ሲነሣም ሲተከልም ሁሉም ቦታውን ያውቅ ነበር። የማዕረግ ስሞቻችን የዚያ ሰፈር ካርታ ናቸው ማለት ይቻላል፦ ቀኛዝማች የቀኙ፣ ግራዝማች የግራው፣ ደጃዝማች የደጃፉ አዝማች ሲሆን ፊታውራሪ ደግሞ ፊት ፊት የሚሄደው ነው።

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን ቋሚ ዋና ከተማ ነበረች አይባልም?

ለአንድ ንጉሥ ዕድሜ ያህል ነበረች። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (1434–1468 እ.ኤ.አ.) በሰማይ ላይ ብርሃን ታየ በተባለበት ቦታ ቤተ ክርስቲያንና ቤተ መንግሥት አሠርተው የመጨረሻዎቹን 12 ዓመታት ያህል ከዚያው ኖሩ፤ ስሙም ደብረ ብርሃን ተባለ። ብርሃኑ በ1456 እ.ኤ.አ. የታየው ጅራታም ኮከብ ሳይሆን አይቀርም የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ። ልጃቸው ዐፄ በእደ ማርያም ግን ወደ ድንኳኑ ኑሮ ተመለሱ።

በዚያው ዘመን የቬኒሱ መነኩሴ ፍራ ማውሮ በሣለው የዓለም ካርታ ላይ «በረራ» የምትባል የነገሥታት መቀመጫ ትታያለች። የዛሬዋ አዲስ አበባ ካለችበት አገር ዙሪያ እንደ ነበረች ይታመናል፤ እንጦጦ ናት፣ የረር ናት የሚለው ክርክር ግን ገና አልተቋጨም። በአዳሉ መሪ በኢማም አሕመድ ኢብራሂም ጦርነት (1529–1543 እ.ኤ.አ.) በሸዋ ያለው ሁሉ ሲጠፋ እርሷም ጠፋች። የሌላውም ወገን መቀመጫ ከጦርነቱ በፊትም በኋላም ተዘዋውሯል፦ የአዳል ሱልጣኖች በ1520 እ.ኤ.አ. ከደከር ወደ ሐረር፣ በ1577 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከሐረር ወደ አውሳ ተዛውረዋል። የመናገሻ ጉዞ የክርስቲያን ነገሥታት ልማድ ብቻ እንዳይመስለን ይህን ማስታወስ ይገባል።

ጥያቄ፦ ጎንደር ከሌሎቹ በምን ተለየች?

ከጦርነቱ በኋላ ሸዋ ለንጉሡ የሚመች አገር አልሆነም፤ የኦሮሞ ሕዝብ መስፋፋትም የአገሩን መልክ ቀይሮ ነበር። ስለዚህ ማዕከሉ ወደ ጣና ዙሪያ ሄደ። ዐፄ ሠርፀ ድንግል በእንፍራዝ አጠገብ ጉዛራ ላይ ግንብ አሠሩ፤ ዐፄ ሱስንዮስ በጎርጎራና በደንቀዝ ተቀመጡ፤ ልጃቸው ዐፄ ፋሲል ደግሞ በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን ቆረቆሩ። የመናገሻው ስም በ«ጎ» ፊደል ይጀምራል የሚል ትንቢት ስለ ነበረ ነገሥታቱ ጎ ያለበትን ሁሉ ሲሞክሩ ኖሩ ይባላል፤ ተማሪዎች የሚወድዱት ተረት ነው፤ እኔም እነግራቸዋለሁ።

ተረቱን ትተን ካየነው፣ ጎንደር የቆየችው በቀሐና በአንገረብ ወንዞች መካከል ውኃ ስላላት፣ በኖራ የሚገነቡ ግንበኞች ስላገኘች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በንግድ መንገድ ላይ ስለ ተቀመጠች ነው። እዚህ ላይ የእኛ አገር ይገባል። ከግቤ ማዶ፣ ዛሬ በጅማ ዞን ሊሙ ከሚባለው አካባቢ የነበረችው የእናርያ ግዛት ወርቅ ለዐፄ ሠርፀ ድንግልና ለዐፄ ሱስንዮስ ግምጃ ቤት ትልቅ ምንጭ ነበር። በኋላም የዝባዱ፣ የዝሆን ጥርሱና የቡናው ጭነት፣ በባርነት የተሸጠው ሰውም ጭምር፣ ዓባይን ተሻግሮ በጎጃም ባሶ ገበያ በኩል ጎንደር ይገባና ወደ ምጽዋ ይወርድ ነበር። የሲራራ ነጋዴ የሚያድርባት ከተማ ንጉሡ ለዘመቻ ሲወጣ እንኳ አትፈርስም። ከዐፄ ፋሲል በኋላ የነገሡትም ብዙዎቹ በግቢው ውስጥ የየራሳቸውን ግንብ ጨመሩ እንጂ አዲስ ቦታ አልፈለጉም።

ጥያቄ፦ ከጎንደር እስከ አዲስ አበባ ባለው ጊዜ ዋና ከተማው የት ነበር?

በዘመነ መሳፍንት (1769–1855 እ.ኤ.አ.) ንጉሠ ነገሥቱ በጎንደር፣ ሥልጣኑ በደብረ ታቦር ነበር፤ የየጁ ራሶች ዘውድ ለሌላው ትተው መግዛቱን ለራሳቸው አደረጉት። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም ነገሡ፤ ጎንደርን አልወደዷትም፤ በመጨረሻም አቃጠሏት። ደብረ ታቦርን ከአጠገቧ ካለው ከጋፋት የመድፍ መሥሪያ ጋር ይዘው ቆዩና ሴባስቶፖል የተባለውን ትልቅ መድፍ አስጎትተው መቅደላ ወጡ፤ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. እዚያው ራሳቸውን ሠዉ። ዐፄ ዮሐንስ መቀሌ ላይ ቤተ መንግሥት ቢያሠሩም ዕድሜያቸውን ያሳለፉት በዘመቻ ነው።

ጥያቄ፦ ዐፄ ምኒልክ እንጦጦን ትተው ለምን ወደ አዲስ አበባ ወረዱ?

ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ አንኮበርን፣ ልቼን፣ ወረኢሉን ሲያፈራርቁ ቆይተው በ1870ዎቹ መጀመሪያ እንጦጦ ላይ ከተሙ። እንጦጦን ያስመረጣቸው የጥንት ነገሥታት ፍርስራሽ እዚያ መገኘቱ ነው ይባላል፤ ለጦርም ከፍታው ይመቻል። ኑሮው ግን ከባድ ነበር፦ 3,000 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ብርዱና ነፋሱ ያንገበግባል፣ ውኃ ከታች ይቀዳል፣ ማገዶውም አለቀ።

እቴጌ ጣይቱ ከተራራው ሥር ያለውን ፍል ውኃ ወድደው በ1879 ዓ.ም. ምኒልክ ወደ ሐረር ዘምተው ሳሉ እዚያ ቤት እንዲሠራ አደረጉ፤ ስሙንም አዲስ አበባ አሉት። ቦታው ባዶ አልነበረም፤ ኦሮሞዎች ፊንፊኔ ብለው የሚጠሩትና የሚኖሩበት አገር ነበር፤ የከተማይቱ ታሪክ ሲነገር ይህ ሊዘለል አይገባም። ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ሆነው የተቀቡት እንጦጦ ማርያም ነው፤ ከዚያ በኋላ ሁሉም ቀስ በቀስ ወደ ታች ወረደ። አሰፋፈሩ የድንኳኑን ሥርዓት ተከተለ፦ ቤተ መንግሥቱ መካከል ላይ፣ መኳንንቱ ከነሎሌዎቻቸው በዙሪያው። ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ሠራተኛ ሰፈር እያልን የምንጠራው ሁሉ የዚያ ውርስ ነው፤ «ሰፈር» የሚለው ቃል ራሱ ጦር የሚሰፍርበት ማለት መሆኑን ዛሬ ብዙ ሰው አያስተውልም።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባም ልትተው ነበር የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፤ የጥንቱ ልማድ ለመጨረሻ ጊዜ የታየውም በዚህ ነው። አሥራ አምስት ዓመት ሳይሞላ በአዲስ አበባ ዙሪያ ያለው ደን አልቆ ማገዶ ከሩቅ ይመጣ ጀመር። ምኒልክም እንደ ቀደሙት ነገሥታት ሌላ ቦታ ፈለጉ፤ በስተ ምዕራብ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሚገኘውን ደን ያልጠፋበት ቦታ መርጠው አዲስ ዓለም ብለው ሰየሙት፤ ቤተ መንግሥት አሠሩ፣ መንገድም አስጠረጉ።

ሁለት ነገር አስቀራቸው። አንደኛው ከአውስትራሊያ የመጣውና በባሕር በኩል ስለ ገባ ባሕር ዛፍ ያልነው ዛፍ ነው። በጥቂት ዓመት ውስጥ ለማገዶና ለቤት ይደርሳል፤ ሲቆረጥም ከጉቶው ያቆጠቁጣል፤ ይህ ዛፍ ለብዙ መቶ ዓመታት ነገሥታቱን ሲያስነሣ የኖረውን ችግር ፈታው። ሁለተኛው ድንጋይና ገንዘብ ነው። የውጭ መንግሥታት ሌጋሲዮኖች (የመልእክተኞቻቸው ጽሕፈት ቤቶች) በተሰጣቸው ቦታ ላይ ቤት ገንብተው ነበር፤ መኳንንቱና ነጋዴዎቹም እንደዚያው። ድንኳን ይነቀላል፤ የድንጋይ ቤት ግን ባለቤቱን ያስራል። በ1898 ዓ.ም. የአቢሲኒያ ባንክ ተከፈተ፤ በ1909 ዓ.ም. የጅቡቲው ባቡር አዲስ አበባ ገባ፤ ሐዲድን ደግሞ በበቅሎ ጭኖ ወደ ሌላ ቦታ መውሰድ አይቻልም። አዲስ ዓለም ላይ ለቤተ መንግሥት የታሰበው ሕንፃ ቤተ ክርስቲያን ሆነ፤ አለቃዋም እንደ አክሱም አለቃ ንቡረ እድ ተብሎ ይሾማል። መናገሻነቱ ቢቀርባትም ማዕረጉ አልቀረባትም።

ጥያቄ፦ ከዚያ ወዲህ ዋና ከተማው ተዛውሮ ያውቃል?

ለአጭር ጊዜ ተዛውሯል፤ ያውም ወደ እኛ አቅጣጫ። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር አዲስ አበባ ሲገባ የኢትዮጵያ መንግሥት መቀመጫ ኢሉባቦር ጎሬ ላይ ሆኖ በቢትወደድ ወልደ ጻድቅ መሪነት ተቋቋመ፤ ራስ እምሩም ወደዚያው ሄዱ። ወራት ብቻ ነው የቆየው። ንጉሠ ነገሥቱ ልክ በአምስት ዓመቱ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ተመልሰው አዲስ አበባ ገቡ።

ዛሬ ጉዳዩ በሕግ ተወስኗል፤ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 49 የፌዴራሉ መንግሥት ርእሰ ከተማ አዲስ አበባ መሆኗን ይደነግጋል። በክልሎች ደረጃ ግን መቀመጫን ማካፈል እንደገና መጥቷል፦ ጎረቤታችን የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል የመንግሥቱን ሥራ ለቦንጋ፣ ለተርጫ፣ ለሚዛን አማንና ለቴፒ አከፋፍሏል። አንዳንድ ሰው ይህን እንግዳ ነገር አድርጎ ሲያወራ እሰማለሁ፤ የዐምደ ጽዮንን ዘመን ለሚያውቅ ግን የሚገርም አይደለም።

ጥያቄ፦ ጅማስ ዋና ከተማ ሆና ታውቃለች? ቤተ መንግሥቱስ ለምን ከከተማው ራቀ?

የኢትዮጵያ ሆና አታውቅም፤ የራሷ መንግሥት ግን መቀመጫ ነበረች። የጅማ መንግሥት በ19ኛው መቶ ዓመት ከተነሡት አምስቱ የግቤ መንግሥታት አንዱ ሲሆን የነገሥታቱ መቀመጫ ጅሬን ነበር። ከ1870 እስከ 1924 ዓ.ም. የገዙት ዳግማዊ አባ ጅፋር ለምኒልክ ገብረው ግብር በመክፈል የውስጥ አስተዳደራቸውን ጠብቀዋል። የጎረቤቶቻችንም ልማድ ተመሳሳይ ነበር፤ የከፋ ነገሥታት ቦንጋንና አንድራቻን መቀመጫ ያደርጉ ነበር።

አሁን ወደ ተማሪዎቼ ጥያቄ ልመለስ። ጅሬን ከፍ ያለ ቦታ ነው፤ ከእዚያ ቆሞ የሚመጣውን ማየት ይቻላል፤ ለንጉሥ የሚስማማውም ይኸው ነው። ለነጋዴ የሚስማማው ደግሞ ሜዳና ውኃ ነው። ከኮረብታው በታች፣ በአዌቱ ወንዝ አካባቢ ያለው ሂርማታ የደቡብ ምዕራቡ የሲራራ መንገዶች የሚገናኙበት ትልቅ ገበያ ነበር፤ ቡናው፣ አሞሌው፣ ዝባዱና ማሩ የሚለዋወጠው እዚያ ነው። ንጉሡም ገበያውን ከላይ ሆነው ይጠብቁታል፣ ቀረጡንም ይቀበሉበታል፤ ሁለቱ ይፈላለጋሉ፤ ነገር ግን አብረው አያድሩም። ቤተ መንግሥት በጅሬን፣ ገበያ በሂርማታ መሆኑ ቤተ መንግሥት በእንጦጦ፣ ፍል ውኃ በሜዳ ከመሆኑ ጋር ይመሳሰላል።

ንግሥናው ሲቀር ኮረብታው ሥራ ፈታ፤ ሜዳው ግን አልፈታም። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ደቡብ ምዕራቡን የሚገዙበት አስተዳደር መቀመጫ ጅማን ሲያደርጉ መንገዱንና ሕንፃውን የዘረጉት ሂርማታን ተከትለው ነው፤ ከነጻነት በኋላም ከተማዋ ከዚያው ሆና የከፋ ጠቅላይ ግዛት፣ ቆይቶም የክፍለ ሀገሩ ዋና ከተማ ሆና ቀጥላለች። ከመሀል ከተማ ተነሥቶ 7 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ጅሬን የሚወጣ ጎብኚ የእንጨቱን ሰገነትና ከጎኑ ያለውን መስጊድ ያገኛል፤ በሐሙስ ቀን ከወጣ ግን መንገዱ ላይ ጭነት ይዘው ወደ ገበያ የሚወርዱ ሰዎች ብዙ ስለሆኑ ቀደም ብሎ ቢነሣ ይሻለዋል።